ስቶን ታውን፣ ሞምባሳ ወይስ ላሙ? ለአጭር ዕረፍት የስዋሂሊ ጠረፍ ከተማ አመራረጥ

ሦስቱ ከተሞች እህትማማች ናቸው። በአንድ ውቅያኖስ ዳር ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠሩ፣ ስዋሂሊ የሚናገሩ፣ በጠባብ መተላለፊያና በተቀረጸ የእንጨት በር የሚታወቁ ናቸው። ዩኔስኮም ሦስቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፦ በታንዛኒያዋ ዛንዚባር ያለውን ስቶን ታውን በ2000፣ በኬንያ ያሉትን የላሙን አሮጌ ከተማ በ2001፣ የሞምባሳውን ፎርት ጂሰስ ምሽግ በ2011። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ፎቶ እያገላበጡ ለመምረጥ የሚሞክሩ ሰዎች የሚቸገሩትም ለዚህ ነው፤ በፎቶ ሁሉም ያምራሉ።

የሚለያዩት መንገዱ ከዕረፍታችሁ ላይ በሚወስደው ሰዓት ነው። ስለዚህ ከሆቴሉም ከዋጋውም በፊት አዳራችሁን ቁጠሩ። ሁለት አዳር ብቻ ካላችሁ ሞምባሳ ይሻላችኋል። ሦስት ከሆነ ስቶን ታውን። ላሙ ግን ከአራት አዳር በታች አይታሰብም። የጥንት መልኳን ከሁሉም በላይ የጠበቀችው እሷ ናት፤ ሆኖም ለሁለት ቀን የሚሄድባት ሰው ጊዜው የሚያልቀው በአውሮፕላን ማረፊያና በጀልባ ላይ ነው።

መንገዱ

ወደ ሞምባሳም ወደ ዛንዚባርም ከአዲስ አበባ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። አየር ላይ የምትቆዩት ሦስት ሰዓት አይሞላም። ትኬት ስትቆርጡ ግን በረራው መሀል ላይ ሌላ ከተማ ያርፍ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ያ ብቻውን ግማሽ ቀን ሊያስወጣችሁ ይችላል። የዛንዚባር አውሮፕላን ማረፊያ ከስቶን ታውን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው፤ ታክሲው ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። የሞምባሳው በየብሱ በኩል ስላለ ከተማዋ ወዳለችበት ደሴት የሚያስገባውን መንገድ ከወደቡ የኮንቴይነር መኪናዎች ጋር ትጋራላችሁ። ማለዳ ግማሽ ሰዓት የሚፈጀው መንገድ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ናይሮቢ ያላችሁ ወይም በናይሮቢ የምታልፉ ከሆነ ለሞምባሳ ባቡሩ ጥሩ ነው። በ2017 ሥራ የጀመረው ማዳራካ ኤክስፕረስ 472 ኪሎ ሜትሩን ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይጨርሰዋል። መሀል ላይ የጻቮን ብሔራዊ ፓርክ ስለሚያቋርጥ በመስኮት ዝሆን ማየት የተለመደ ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለተኛ ማዕረግ 1,500፣ በአንደኛ ማዕረግ 4,500 የኬንያ ሽልንግ ሆኗል። ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛው፣ ትኬቱ የሚቆረጠው በፓስፖርት ቁጥር ነው፤ አንዲት አኃዝ ከተሳሳተች በር ላይ ያጣላችኋል። ሁለተኛው፣ ጣቢያዎቹ ከከተማ ውጭ ናቸው፦ የናይሮቢው ስዮኪማው፣ የሞምባሳው ሚሪቲኒ። ሻንጣ በውሻና በኤክስሬይ ስለሚፈተሽ ባቡሩ ከመነሳቱ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት ጣቢያው ውስጥ መገኘት አለባችሁ። የዓርብና የእሑድ ወንበሮች ቀድመው ያልቃሉ።

ከዳር ኤስ ሳላም ወደ ዛንዚባር በፈጣን መርከብ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱን ከድርጅቱ ቢሮ ወይም ከድረ ገጹ እንጂ ወደብ ላይ ክንዳችሁን ከሚይዝ ሰው አትግዙ። ከጁን እስከ ኦገስት ባሕሩ ስለሚናወጥ የማቅለሽለሽ መከላከያውን ክኒን መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ውሰዱ፤ ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ታችኛው ፎቅ፣ መሀል ላይ ያለው ወንበር ከሁሉም ያነሰ ይወዛወዛል።

ላሙ ሌላ ጉዳይ ነው። የምታርፉት ማንዳ በሚባል ጎረቤት ደሴት ላይ ነው፤ ከዚያ በጀልባ ትሻገራላችሁ። ወደ ማንዳ የሚበሩት ብዙዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚነሱት ከናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ዓለም አቀፍ በረራ የሚያርፈው ጆሞ ኬንያታ ነው። በሁለቱ መካከል የናይሮቢ የመኪና ጭንቅንቅ አለ። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከአራት ሰዓት ያነሰ ከሆነ ትኬቱን አትቁረጡ። የሻንጣው ገደብም ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ነው፤ ጠንካራ ሻንጣ በትንሿ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ስለማይታጠፍ ለስላሳ ቦርሳ ያዙ። በመኪና ከሞምባሳ በጋርሰን በኩል የሚሄደው መንገድ በካርታ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አካባቢው በጸጥታ ችግር የሚታወቅ ነውና ለዕረፍት ብሎ የሚሄድ ሰው ሊጠቀምበት አይገባም። ወደ ላሙ በአየር ሂዱ፣ ካልተቻለ ሌላ ከተማ ምረጡ።

ወረቀትና ፍተሻ

ኬንያና ኢትዮጵያ ከቪዛ ነፃ የመግባት የቆየ ስምምነት አላቸው። ለታንዛኒያ ግን በኢንተርኔት አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል፤ መልሱም በፓስፖርቱ ዓይነት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ለሁለት አዳር ሞምባሳን ያስቀደምንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዛንዚባር በዚህ ላይ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ 44 ዶላር ከፍሎ የመግቢያ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይተካውም። ወጪውን በሁለት ቀንና በአራት ቀን ስታካፍሉት ትርጉሙ ይለያያል። ከዋናው ታንዛኒያ በመርከብ ስትሻገሩም ዛንዚባር ላይ ፓስፖርት እንደገና ይታያል።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው፤ ኢትዮጵያም ኬንያም በሽታው ሊከሰትባቸው ከሚችሉ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በጉዞው ዋዜማ መወጋት አይጠቅምም። አንዴ ከተወጋችሁ ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። የወባ መከላከያ ለኬንያ ጠረፍ ያስፈልጋል፤ ዛንዚባር ላይ ወባ በእጅጉ ቢቀንስም ሐኪም አማክሩ።

ከዚያ ፌስታል። ኬንያ በ2017፣ ታንዛኒያ በ2019 የፕላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል። በርበሬውን፣ ጫማውን፣ እርጥብ ልብሱን በፌስታል ጠቅልሎ መያዝ ስለለመድን ይህ ነገር የሚያስቸግረን ብዙ ጊዜ ነው። በጨርቅ ቦርሳ ቀይሩት።

ወሩና ማዕበሉ

የጠረፉን ሰዎች ብትጠይቋቸው ዓመቱን የሚከፍሉት በነፋስ ነው። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ከዲሴምበር እስከ ማርች ይነፍሳል፤ ኩሲ ከደቡብ ከኤፕሪል ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ገደማ። የዓረብና የሕንድ ነጋዴዎች በካስካዚ መጥተው በኩሲ ይመለሱ ነበር፤ ከተሞቹም የተገነቡት በዚያ ንግድ ነው። ለእናንተ የሚመቹት ወሮች ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ያሉት ናቸው፤ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ደረቅ ቢሆኑም ሙቀታቸው ከባድ ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ማሲካ የሚባለው ረጅም ዝናብ ይወርዳል። ያን ጊዜ ላሙ ላይ ብዙ ማረፊያ ይዘጋል፤ ስቶን ታውን ላይም መተላለፊያዎቹ ውኃ ያቁራሉ። የኖቬምበሩ አጭር ዝናብ መጥቶ ይሄዳል፤ ጉዞ አያሰርዝም።

ረመዳንን ከቀን መቁጠሪያው ላይ አስቀድማችሁ ተመልከቱ። በ2027 ከፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ ይጀምራል። በዚያ ወር በዛንዚባር ቀን ቀን በአደባባይ መብላትና መጠጣት አይፈቀድም፣ ከሆቴሎች ውጭ አብዛኛው ምግብ ቤት ይዘጋል። ላሙ ላይም ቀኑ ጭር ይላል። የተቀላቀለ ሕዝብ ያለባት ሞምባሳ ብዙም አትለወጥም።

ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ባሕሩ በዚህ ጠረፍ እስከ አራት ሜትር ያህል ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ የሽርሽራችሁን ሰዓት ይወስናል። ከላሙ ወደ ታክዋ ፍርስራሽ የሚወስደው፣ ማንግሮቭ በሚባሉ የባሕር ዳር ዛፎች መካከል ያለው ቦይ ባሕሩ ሲሞላ ብቻ ጀልባ ያስገባል። በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ለመዋኘት መቶ ሜትሮችን በጭቃና በሹል ኮራል ላይ መሄድ ይጠይቃል። ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት የምትሄዱበትን ሳምንት የማዕበል ሰንጠረዥ ተመልከቱ።

ስቶን ታውን

ለመጀመሪያ ጊዜ ጥንታዊ የጠረፍ ከተማ ለሚያይ ሰው የምንመርጥለት ይህችን ነው፤ በእግር ብቻ ሁሉም ይደረሳል። ዋናው ሀብቷ ሙዚየም አይደለም፤ በሮቿ ናቸው። ከላይ ቀጥ ብሎ አራት ማዕዘን የሆነው በር የቆየው የዓረብ ሥራ ነው፤ ከላይ ቅስት ያለው፣ ትናንሽ ክፍልፋዮች ያሉትና የነሐስ ሾጣጣ ጉብታ የተተከለበት በሕንድ ነጋዴዎች በኩል የመጣ ነው። ጠጋ ብላችሁ መቃኑን ከታች ወደ ላይ አንብቡት፦ ከታች ዓሣ ወይም ሞገድ፣ ከዚያ ወደ ላይ የሚወጣ ሐረግ፣ ዳር ዳሩን ሰንሰለት። ይህን ካወቃችሁ በኋላ እያንዳንዱ መተላለፊያ ለአንድ ሰዓት ያህል ያቆያችኋል።

የአንግሊካን ካቴድራሉ የቆመው በ1873 በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ ነው። ግቢው ውስጥ በጉድጓድ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ አምስት ምስሎች አሉ። ከዚህ ወጥቶ ወዲያው ገበያ መዞር ይከብዳል፤ ጠዋት ሂዱና ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ባዶ ተዉት።

ቤይት አል አጃኢብ ወይም የድንቆች ቤት የሚባለው የ1883ቱ ቤተ መንግሥት በዲሴምበር 2020 በከፊል ተደርምሷል። አሮጌ መመሪያዎች አሁንም ዋና ሙዚየም አድርገው ስለሚያቀርቡት ብዙ ሰው ይሸወዳል፤ በዕቅዳችሁ ላይ ከውጭ እንደሚታይ ብቻ ያዙት። በምትኩ ወደ ቻንጉ ደሴት በጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሄዳችሁ ከሲሸልስ የመጡትን ግዙፍ ኤሊዎች ማየት ትችላላችሁ። እስር ቤት ደሴት ቢባልም ሕንጻው ያገለገለው ለቢጫ ወባ ኳራንቲን ነበር፤ ዛሬ ካርዱን የምትጠየቁበት በሽታ ማለት ነው። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል።

ማታ ፎሮዳኒ መናፈሻ ላይ የምግብ ገበያ ይዘረጋል። የባሕር ምግቡ በሽቦ ተሰክቶ ለረጅም ሰዓት ይደረደራል፣ የተረፈውም በማግስቱ ሊሞቅ ይችላል። ስለዚህ ጥሬውን አይታችሁ ፊታችሁ ይጠበስ፤ ዋጋውንም ከመጠበሱ በፊት ተስማሙ። በዝንጅብልና በሎሚ የሚጨመቀው የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ግን ያለ ሥጋት የሚመከር ነው፤ በረዶ አይግባበት በሉ። አስጎብኚ ነኝ እያሉ የሚከተሉትን ወጣቶች ነዋሪው ፓፓሲ ይላቸዋል፣ መዥገር ማለት ነው። አንድ ጊዜ "ሃፓና፣ አሳንቴ" (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ ሳትቆሙ እለፉ። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ እዚህም ላሙም የአክብሮት ጉዳይ ነው።

የተለመደው ስህተት ሦስት አዳር ይዞ ከተማውንም የሰሜኑን የኑንግዊ ባሕር ዳርቻም ለማዳረስ መሞከር ነው። ኑንግዊ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ሻንጣ ማሰርና መፍታቱ ሲጨመር አንድ ሙሉ ቀን ይሄዳል። መዋኘት የግድ ከሆነ አራተኛ አዳር ጨምሩ፣ ካልሆነ ከተማዋን ብቻ ያዙ።

ሞምባሳ

ሞምባሳ ዕረፍት ብቻ የምትሰጥ ከተማ አይደለችም፤ ትልቅ የወደብ ከተማ ናት፣ ትጮኻለች፣ ትሞቃለች። ነገር ግን ፎርት ጂሰስን የሚተካከል ሕንጻ በዚህ ጠረፍ የለም። ፖርቱጋሎች ከ1593 እስከ 1596 በጣሊያናዊው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ ንድፍ ገነቡት፤ ከማርች 1696 እስከ ዲሴምበር 1698 በዘለቀ ከበባ ኦማኖች ወሰዱት። ፖርቱጋሎቹ ለእኛ ታሪክ ባዕድ አይደሉም፦ በ1541 ምጽዋ የወረደው ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ፣ በ1498 በሞምባሳ በኩል ያለፈው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ነው።

ምሽጉ ውስጥ ከመድፎቹ ይልቅ አንድ ግድግዳ ፈልጉ። ሥራ የፈቱ የፖርቱጋል ወታደሮች መርከብ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሰው የሣሉበት ነው፤ ሸራውና ገመዱ ሁሉ ተቆጥሮ ተሥሏል። በ1697 በከበባው ጊዜ ከሰጠመችው የሳንቶ አንቶኒዮ ዴ ታና መርከብ የወጡት ዕቃዎችም ሙዚየሙ ውስጥ አሉ። ለምሽጉ ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ፤ ጥላ የለውምና ጠዋት እንደተከፈተ ግቡ። ክፍያው በመንግሥት የኢንተርኔት መስመር በኤም-ፔሳ ወይም በካርድ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይዞ መሄድ በር ላይ ያስቆማል። በር ላይ የሚጠብቁ አስጎብኚዎች ክፍያ ከመግቢያው ተለይቶ የሚታይ ነው፤ ቀድማችሁ ቁረጡት።

ከምሽጉ ጀርባ ያለው አሮጌ ከተማ ከስቶን ታውን ያነሰ ነው፣ በሁለት ሰዓት ይዞራል። ከቀትር በኋላ ብዙው ይተኛል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ። በነሐስ ማንቆርቆሪያ ተይዞ በሲኒ የሚሸጠው ቡና መራራና ዝንጅብል የገባበት ነው። በጾም ለሚሄድ ሰው ደግሞ ሞምባሳ ትመቻለች፦ ምባዚ የሚባለው የአተር ዓይነት በኮኮናት ወተት ይሠራል እንጂ በቅቤ አይደለም። አብሮት የሚቀርበው ማሃምሪ ዳቦ አንዳንዴ ወተት ስለሚገባበት ጠይቁ።

ላሙ

አራት አዳር ካገኛችሁ ሌላ ከተማ አትመልከቱ። መኪና የለም ማለት ይቻላል፣ ጭነቱን የሚያመላልሰው አህያ ነው። መተላለፊያዎቹ ሁለት የተጫኑ አህዮች ሲገናኙ አንዱ እስኪያልፍ ሌላው የሚቆምባቸው ናቸው፤ ኮቴ ስትሰሙ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ቁሙ። ምሽጉ ከ1813 እስከ 1821 የተሠራ ነው፣ አንድ ጠዋት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መቀመጥና መራመድ ነው። ወደ ሼላ መንደር በባሕሩ ዳር በእግር 45 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ማዕበሉ ሲሞላ መንገዱ ይጠባል፣ ያኔ በጀልባ ሂዱ። ከሼላ የሚጀምረው 12 ኪሎ ሜትር አሸዋ አንድም ጥላ የለውም፤ ውኃ ያዙ፣ ብቻችሁን ርቃችሁ አትሂዱ።

ገንዘብ ማውጫ ማሽን ጥቂት ስለሆነና ስለሚበላሽ የሁለት ቀን ጥሬ ሽልንግ ከናይሮቢ ይዛችሁ ግቡ። ስትመለሱ ደግሞ ከዓለም አቀፍ በረራችሁ በፊት በነበረው ቀን ናይሮቢ ግቡ። ትኬቶቹ ለየብቻ ከተቆረጡ የትንሿ አውሮፕላን መዘግየት ያስከተለው ኪሳራ የሚወድቀው በእናንተ ላይ ነው።

ሰዓት፣ ገንዘብ፣ ማረፊያ

የስዋሂሊ ሰዓት የእኛው ሰዓት ነው። ቀኑ ከንጋት ይቆጠራል፤ "ሳአ ሞጃ" ማለት ጠዋት አንድ ሰዓት ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈውና በእንግሊዝኛ የሚነገረው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ባለጀልባው በእንግሊዝኛ "ሰቨን" ካላችሁ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በስዋሂሊ "ሳአ ሳባ" ካላችሁ ደግሞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። በየትኛው ቋንቋ እንደተናገረ ልብ በሉ፣ ከዚያም "አሱቡሂ" ነው "ምቻና" ነው ብላችሁ አረጋግጡ፤ ጠዋትና ከሰዓት ማለታቸው ነው።

ብር ከአገር ውጭ ስለማይመነዘር ዶላር ያዙ፣ ያልተቀደደና ከ2013 ወዲህ የታተመ ይሁን። ታንዛኒያ ከ2025 ጀምሮ በአገር ውስጥ ግብይት በውጭ ገንዘብ መክፈልን ከልክላለች፤ ዛንዚባር ላይ ዋጋ በዶላር ሲነገራችሁ በሽልንግ አስተምኑ። በሁለቱም አገሮች ሶኬቱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር የሚወስደው ዓይነት ነው፣ አዳፕተር አትርሱ።

አሮጌ ቤት ውስጥ ያለ ሆቴል ስትይዙ ክፍሉ ጠባብና ረጅም ቢሆን አትገረሙ። ጣሪያው በማንግሮቭ ግንድ ላይ ስለሚያርፍ ስፋቱን የሚወስነው የግንዱ ርዝመት ነው፣ ከሦስት ሜትር እምብዛም አያልፍም። ላይኛው ፎቅ ነፋስ ያገኛል፤ ደረጃው ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ሊፍትም የለም። ከመስጊድ አጠገብ ከሆነ ከንጋት በፊት በአዛን ትነቃላችሁ።

እናት ወይም አባት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ሞምባሳ ላይ ሊፍት ያለው ዘመናዊ ሆቴል ይዛችሁ በባጃጅ መንቀሳቀስ ከሁሉም ይቀላል፤ እዚያ ቱክቱክ ይሉታል። ስቶን ታውን ላይ የምድር ቤት ክፍል ጠይቁ፤ ታክሲ እስከ ደጃፉ ይደርስ እንደሆነም አጣሩ፣ ብዙው ቤት ከመኪና መንገድ በእግር አምስት ደቂቃ ይገባል። ላሙን ከመረጣችሁ የሚያስቸግረው የወደቡ ደረጃ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የታችኞቹ ደረጃዎች አረንጓዴ አልጌ ለብሰው እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ለሆቴሉ የበረራችሁን ሰዓት ስትነግሩ ጀልባው የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚያወርዳችሁና በዚያ ሰዓት ባሕሩ የት እንደሚሆን ጠይቁ፤ የሚደግፍ ሰውም ደረጃው ላይ ይጠብቃችሁ።